ተያቸው፣ ይረፉ

ባለፈው ጥቅምት ለዕረፍት ባሕር ዳር በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ አጎቴን ልጠይቅ ከከተማችን ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ሄድኩ። አጎቴ አንጀታቸው ተጠምዝዞ፣ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ ከዘጌ በጀልባ ተጭነው የመጡና በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው የ68 ዓመት መሪጌታ ናቸው። በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር ስለ መጠየቂያ ሰዓት የሚደረገውን የታወቀ ክርክር ጨርሼ ስገባ፣ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ብርድ ልብስና ሁለት ጋቢ እስከ አገጫቸው ተደርቦባቸው፣ ሰባት ሰው ከቧቸው አገኘኋቸው። ብርድ እንዳይመታቸው መስኮቱ ተዘግቷል። ሰዉ የሚነጋገረው በሹክሹክታ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገላቸው አራተኛ ቀናቸው ስለነበር «ከአልጋ ወርደው ያውቃሉ?» ብዬ ብጠይቅ፣ ባለቤታቸው እትዬ ነውር እንደተናገርኩ ሁሉ ደንገጥ ብለው «ምነው ልጄ፣ ገና ስፌቱ ሳይጠግግ? ተያቸው፣ ይረፉ እንጂ!» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይህችው «ተያቸው፣ ይረፉ» ናት። በአማርኛችን ማረፍ ሁለት ትርጉም አለው፤ ከእርሻ የተመለሰም ያርፋል፣ የሞተም አረፈ ይባላል። እኔ የምሠራው በእነዚህ በሁለቱ ማረፎች መካከል ስለሆነ፣ ቃሉ በበሽተኛ አልጋ ዙሪያ በተነሣ ቁጥር የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ ያምረኛል።

በእንግሊዝ አገር በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብና የሳንባ ሕሙማን ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ደረቱ ተከፍቶ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በማግስቱ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ፣ ቀጥሎ ኮሪደሩን እንዲራመድ፣ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ደረጃ ወጥቶ እንዲወርድ የምናደርገው እኔና ባልደረቦቼ ነን። ሌሊት ተረኛ ስሆን ስልኬ የሚጮኸው አክታ ሳንባውን ዘግቶት ትንፋሽ ላጠረው ሰው ነው፤ ከሞቀ አልጋዬ ተነሥቼ በዝናብ እየነዳሁ እሄዳለሁ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለን ሰው እንኳ፣ አንዱ ቱቦውን፣ ሌላው መሣሪያውን፣ ሦስተኛው ግሉኮሱ የተንጠለጠለበትን ዘንግ ይዞ፣ አራት አምስት ሆነን እናቆመዋለን። ባጭሩ ሥራዬ ሰው ከአልጋ ማስነሣት ነው።

ይህን ሁሉ ለቤተሰቤ ባስረዳሁ ቁጥር ግን የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ «አሃ፣ ወጌሻ ነሻ!» አንዷ አክስቴማ አዘን ባለ ድምፅ «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለማሸት ነው?» ብላኛለች። ወጌሻን መናቄ አይደለም፤ በልጅነቴ የወለቀ ክንዴን የመለሱልኝ የሰፈራችን ወጌሻ ነበሩ። ሆኖም እኔ የምይዘው ሳንባ ነው፤ ሳንባ ደግሞ በቅቤ አይታሽም። ይባስ ብሎ ሙያው በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1894 በአራት ነርሶች ሲደራጅ የማኅበሩ ስም «የሠለጠኑ አሻሾች ማኅበር» እንደ ነበር ስለማውቅ፣ ለአክስቴ የሚሆን አፍ የሚያስይዝ መልስ የለኝም። ይህን ታሪክ አልነገርኳትም፤ ወደፊትም አልነግራትም።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ሰው በጀርባው ሲንጋለል የሆድ ዕቃው በደረትና በሆድ መካከል ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የሳንባው የታችና የኋላ ክፍል ይታመቃል። በዚያ ላይ ሆዱ የተሰፋ ሰው ሕመሙን ፈርቶ በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳል፣ ማሳልም ይፈራል። የማይሳል አክታ ደግሞ ወጥቶ የሚሄድበት ስለሌለው እታች ይጠራቀማል፤ የታመቀው የሳንባ ክፍል አየር አጥቶ ይዘጋል፤ ከዚያ ትኩሳቱ ይመጣና «ሳንባ ምች ያዛቸው» ይባላል። ቤተሰቡም «ያንን መስኮት ማን ከፈተው?» እያለ ይጣላል። የከፈተው የለም! ያ መስኮት ከዓባይ ማዶ ያለ ሰው እስኪያሳዝን ድረስ ተዘግቶ ነው የሰነበተው።

ሞኝነቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ዛሬ በሽተኛ ቶሎ ካልተነሣ የሚቆጡት ነጮች፣ የልቡ ደም ሥር የተዘጋበትን ሰው ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይወርድ ይከለክሉት ነበር። ሌቪንና ላውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1952 እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚሻል የጻፉት የእትዬን ሕግ በመቃወም ነው ማለት ይቻላል፤ የዚያን ዘመን እትዬዎች ነጭ ጋዋን የለበሱ ከመሆናቸው በቀር። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ በዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ ወጣቶችን ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ አስተኝተው ቢለኳቸው፣ ሰውነታቸው ኦክስጅንን የመጠቀም ከፍተኛ ዐቅሙ ከሩብ በላይ ወርዶ ተገኘ። እነዚያኑ ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ መልሰው ሲለኳቸው፣ የ30 ዓመት እርጅና ያጎደለባቸው ዐቅም ያ የሦስት ሳምንት መኝታ ያጎደለውን ያህል አልሆነም። እነዚያ የ20 ዓመት ጎረምሶች ነበሩ፤ አጎቴ 68 ናቸው።

ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላቸውን ወጣት ሐኪም ፈልጌ ማንነቴን ነግሬ ፈቃድ ስጠይቀው፣ «እባክሽ! እኔ በየጠዋቱ አንሥቷቸው እያልኩ እሄዳለሁ፤ ገና ከበሩ ሳልወጣ ጋቢውን መልሰው ያለብሷቸዋል» አለኝ። ከሐይቁ ማዶ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ እያስመረቀ ነው፤ ይሁን እንጂ የተመረቀው ልጅ ተመድቦ ሲመጣ ሰው የሚፈልገው ለወገብና ለስትሮክ ነው እንጂ ለደረት የሚጠራው የለም። ቢጠራስ? ከእትዬ ጋር ማን ይችላል?

የደማቸውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚያሳየውን፣ ጣት ላይ የሚሰካውን መለኪያ አደረግኩላቸው፤ 88 አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከዝቅተኛው አገር በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ በእንግሊዝ ከ94 እስከ 98 እንዲሆን የምንፈልገውን ቁጥር እዚህ በዚያው ልክ አልጠብቅም። 88 ግን ለባሕር ዳርም ትንሽ ነው። ጉልበታቸውን አጥፈው በጎናቸው እንዲዞሩ፣ እግራቸውን አውርደው በክርናቸው እየገፉ እንዲነሡ ማስረዳት ስጀምር፣ ሰባቱም ጠያቂዎች በአንድ ጊዜ ብድግ ብለው አንዱ በብብታቸው፣ አንዱ በአንገታቸው፣ አንዱ በእጃቸው ተንጠላጠሉባቸው። እኔ በምሠራበት አገር በሽተኛን በብብቱ ይዞ ማንሣት ክልክል ነው፤ ይህንኑ አትርሱ እያሉ በየጊዜው ኮርስ ያስወስዱናል። እዚህ ግን ሰው ሲነሣ ዝም ብሎ ማየት ጭካኔ ስለሆነ፣ «ልቀቋቸው፣ በራሳቸው ይነሣሉ» ያልኩት እኔ አውሬ ተደርጌ ታየሁ።

ተቀመጡ። ጋቢውን አጣጥፌ ስፌቱ ላይ በሁለት እጃቸው አስጫንኳቸው። ቀስ ብለው በጥልቀት እንዲስቡ፣ አራተኛው ላይ ዳዊት ሲደግሙ መነጽራቸውን ለመወልወል እንደሚያደርጉት አፋቸውን ከፍተው «ሃ!» እንዲሉ ነገርኳቸው። በመጀመሪያው ምንም የለም። በሦስተኛው ከታች አንድ ነገር ሲንኮረኮር ተሰማ፤ እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አጎቴ ፊታቸው ቀልቶ፣ ጋቢውን እንደ ታቦት አቅፈው፣ ከሆዳቸው የመጣ የሚመስል ሳል ሳሉና ወፍራም ብጫ አክታ ወጣ። እትዬ «ገደልሽብኝ!» ብለው አለቀሱ። አጎቴ ግን ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ዝም በይ አንቺ፣ ደረቴ ተከፈተ» አሏቸው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መለኪያው 93 አለ። መድኃኒት አልሰጠኋቸውም፤ የተጨመረ ነገር ቢኖር መቀመጥ፣ በጥልቀት መተንፈስና ማሳል ብቻ ነው።

በማግስቱ አንድ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ጨምሬ፣ ወፈር ያለ ቱቦ ነክሬ፣ ቀስ እያሉ በቱቦው ወደ ውጭ እንዲተነፍሱና ውኃውን ቡልቅ ቡልቅ እንዲያደርጉት ሰጠኋቸው፤ የውኃው ክብደት ትንፋሹን ስለሚገታው የተዘጋውን የሳንባ ክፍል ከፈት አድርጎ ያቆየዋል። ለዚሁ ሥራ የሚሸጥ መሣሪያ በእንግሊዝ አለ። አጎቴ ሃይላንዱን አዙረው አይተው «ስንት ብርሌ የጨረስኩት ሰውዬ በስተርጅናዬ ውኃ ላይ ታስነፊኛለሽ?» አሉ።

እዚህ ላይ ግን ስለ እንግሊዝ የሚያናድደኝንም ካልተናገርኩ አባይ እሆናለሁ። እዚያ አንዲትን ሴትዮ ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ቅጽ እሞላለሁ፤ የከዘራዋን ቁመት ለክቼ እጽፋለሁ፤ ጠዋት ያስነሣኋት ሴትዮ ወደ አልጋዋ ከተመለሰች በኋላ ግን ከሰዓት በኋላ እጇን ይዞ ሁለት እርምጃ የሚያስኬዳት ነፍስ የለም፤ ነርሶቹ በሥራ ተወጥረዋል፤ ልጆቿ ሌላ ከተማ ናቸው፤ ጠያቂዋ ቴሌቪዥኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሽተኛው ፒጃማውን አውልቆ የራሱን ልብስ ለብሶ እንዲነሣ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የ70 ቀን ዘመቻ ተደርጎ ነበር፤ ዕውቀት ሞልቷል፣ ክንድ ግን ጠፍቷል። እኛ ጋ ክንዱ ሰባት ጥንድ ነው፤ ሰባቱም ጥንድ ተባብሮ የሚሠራው ግን በሽተኛውን ማልበስ ነው። ይህን ሳስብ ንዴቴ ይመለሳል። አሠሪዎቼ ለአንድ በሽተኛ ሰባት ሰው ቢሰጡኝ ዋርዱን በሙሉ ለጥምቀት አወጣው ነበር!

ስለዚህ ጠያቂዎቹን በተራ መደብኳቸው። አንዱ የጠዋቱን ወንበር፣ አንዱ የምሳውን፣ የእህቴ ልጅ ኮሪደሩን፣ እትዬ ደግሞ ሃይላንዱን ያዙ። እትዬ እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ ለካ ሥራ ያልተሰጣቸው ሆነው ነው። በሁለተኛው ቀን እንደ ተቆጣጣሪ «አሥር አልሞላም፣ ሰባት ነው የነፉት» ሲሉ ሰማኋቸው። አንድ ዲያቆን የአጎቴን መቋሚያ ከዘጌ ይዞ መጣ። ይህን ሁሉ ዓመት ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው የሚያነጉበት ዕቃ ስለሆነ መጠኑን መለካት አላስፈለገኝም፤ ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ሄደው ተመለሱበት። በእንግሊዝ የሳንባ ሕመምተኞች ትንፋሻቸው እንዲረዝም ተሰብስበው የሚዘምሩባቸው ቡድኖች እንዳሉ ስነግራቸው፣ ቆም ብለው አስበው «እና በገንዘብ ነው የሚያዘምሯቸው?» አሉኝ። በነጻ መሆኑን ስነግራቸው ለእንግሊዞች ያላቸው ግምት ከፍ አለ።

የእኔ ዕረፍት ግን በዚያው ኮሪደር ቀረ። ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ዓሣ እበላለሁ ብዬ የመጣሁ ሴት፣ «እንግሊዝ አገር የተማረች ወጌሻ መጥታለች» የሚለው ወሬ ከዋርድ ዋርድ ስለተዛመተ የአስታማሚውን ሁሉ ወገብና ጉልበት ስመለከት ሰነበትኩ። ከፎቅ የወረዱ አንዲት እናት ጣታቸውን አስይዘውኝ ሳይለቁኝ ቀርተው ምሳዬ አለፈኝ። የደረት ነኝ ብል ማን ሰምቶኝ!

አጎቴ በዘጠነኛው ቀን ወጡ። ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ዘጌ ሄጄ ስጠይቃቸው፣ በቡናው ዛፎች ሥር ካለችው መንገድ ላይ መቋሚያቸውን ይዘው ብቻቸውን ሲመጡ አገኘኋቸው፤ እትዬ ከኋላ ርቀው ይከተላሉ፣ በብብታቸው ግን አልያዟቸውም። ጀልባው እስኪመጣ ወደቡ ላይ ቆመን ሳለ አንድ ጎረቤታቸው ሰላም ብሎን ማን እንደሆንኩ ጠየቀ። አጎቴ ኮራ ብለው፣ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ያዳነችኝ ይህች ናት፤ ወጌሻዬ» አሉት። ሰውየው ወዲያው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ መሰብሰብ ጀመረ።