ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፈለው

ባለፈው ወር ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ የማከብራቸው አዛውንት ስለ ስደተኞች ሲያወሩ ሰማሁ። «ያሳዝናሉ፤ እንጸልይላቸዋለን። ግን በዙ» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ለተቸገረ እጃቸው አይታጠፍም። ያቺ «ግን» ናት እስካሁን ከጆሮዬ ያልወጣችው።

«በዙ» የሚለውን እንየው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ባወጣው ቁጥር መሠረት፣ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጦርነትና ግፍ ከቀያቸው ያፈናቀላቸው ሰዎች 123 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአገራቸውን ድንበር እንኳ አልተሻገሩም። ድንበር ከተሻገሩትም አብዛኞቹ የተጠጉት ጎረቤት አገር ነው። ሩቅ ሀብታም አገር የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ አማኞች ለስደተኛ ያለብን ግዴታ ማዘን ይመስለናል። ማዘን ደግሞ ቀላል ነው፤ ከንፈር መጥጦ ማለፍ ይቻላል። የተጠየቅነው ከዚያ የከበደ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 አብሯችሁ የሚቀመጠው እንግዳ «እንደ አገር ልጅ ይሁንላችሁ» ይላል። እዘኑለት ብሎ አላበቃም። ምክንያቱንም አብሮ ይናገራል፦ እናንተም በግብፅ እንግዶች ነበራችሁ። እንግዳው ትጉህ ስለሆነ፣ ወይም ስለሚጠቅማችሁ አይደለም። እናንተ ያያችሁትን ስለምታውቁት ነው።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ደግሞ ነገሩን ወደ ኪስ ያወርደዋል። ድሃ ሠራተኛ የአገር ልጅም ይሁን እንግዳ፣ ደመወዙን በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፈለው ይላል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ወረቀት የሌላት የቤት ሠራተኛ ትታየኛለች። ወሩ ሲያልቅ «በሚቀጥለው ሳምንት» ትባላለች። ሳምንቱ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሳምንት። ፖሊስ ጋ አትሄድም፤ ብትሄድ የምትታሰረው እሷ ናት። አሠሪዋም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ፍርሃቷን ነው የሚበላው። እና ይኸው አሠሪ ጾሙን አይገድፍም፣ ጸሎቱን አያስታጉልም። እኔ ይህን ጸሎት እንዴት ብዬ ጸሎት እንደምለው አላውቅም።

በእስልምናም ነገሩ ያው ነው። ሠራተኛው ላቡ ሳይደርቅ ደመወዙ ይሰጠው የሚለው ሐዲስ በብዙዎች አፍ ላይ ነው። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ መንገደኛው ነው። የእስልምና ዘመን ራሱ የሚቆጠረው ከስደት ነው፤ በ622 እ.ኤ.አ. ነቢዩ ሙሐመድ ከመካ ወደ መዲና ከሄዱበት ዓመት ጀምሮ። ክርስቲያኑም የሚያመልከው ጌታ በሕፃንነቱ ከሄሮድስ ሸሽቶ ግብፅ የገባ ነው።

«የራሳችንን ወገን እንርዳ እንጂ» የሚለውንም እሰማለሁ። ከመዲናው ስደት በፊት የመካ ሙስሊሞች የተጠጉት የሐበሻው ክርስቲያን ንጉሥ ዘንድ ነበር። መካን ይገዛ የነበረው ጎሳ፣ ቁረይሾች፣ እጅ መንሻ አስይዘው አሳልፈህ ስጠን ብለው መልእክተኛ ላኩበት። ንጉሡ ስደተኞቹን ጠርቶ አዳመጠ፤ አልሰጥም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ከግሪኳ ሌስቦስ ደሴት ሲመለሱ 12 ሶርያውያን በአውሮፕላናቸው ይዘው ሄዱ። ሁሉም ሙስሊሞች ነበሩ።

ሕግስ? አገር ድንበሯን የመጠበቅ መብት አላት፤ በዚህ አልከራከርም። ሕግ አክብሮ መራራት ግን ይቻላል። በኔዘርላንድ ፖሊስ አምልኮ እየተካሄደ ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባት አይፈቀድለትም። በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. በሄግ ከተማ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ከአገር ሊባረር የነበረ የአርመን ቤተሰብ አስጠጋች። አምልኮ ጀመረች፤ አላቋረጠችም። ሌሊት ቢሆን፣ ገና ቢሆን፣ ከየቦታው የመጡ አገልጋዮች እየተፈራረቁ 96 ቀን ቀደሱ፣ ሰበኩ፣ ዘመሩ። በጥር 2019 መንግሥት እንደዚህ ያሉ ቤተሰቦችን ጉዳይ እንደገና ለማየት ሲስማማ ነው ያበቃው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ምናልባት ለሦስትና ለአራት ሰው፣ መዝሙር የሚመራው ሰው ይታየኛል። ድካሙም እምነቱም።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ከበሩ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ወጣት ስደተኛ አለ። ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ከሁሉ ቀድሞ ይወጣል። ወራት ሙሉ ራሴን ነቅንቄ ሰላም ከማለት በቀር ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም ነበር። ባለፈው እሑድ ጠየቅሁት። ትንሽ ካወራን በኋላ የሁለት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈለው ነገረኝ። የነገረኝ መሬት መሬቱን እያየ ነው፤ የሚያፍርበት እሱ የሆነ ይመስል።

ሰኞ አብሬው ወደ አሠሪው እሄዳለሁ። እኒያን አዛውንትም ነግሬያቸዋለሁ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «በስንት ሰዓት?» አሉኝ።