የአይጧ የልብ ምት ካልተመዘገበ ልኬቱ አይታመንም

ስለ ማደንዘዣ ጋዙ አይሶፍሉሬን «የአይጥን ልብ ብዙም አይነካም» መባሉ መታረም አለበት። ከሌላው ማደንዘዣ ከሃሎቴን ይሻላል፤ ሃሎቴን የልብ ጡንቻን በጣም ያዳክማል፣ ከአድሬናሊን ጋር ሲገናኝም ምቱን ያዛባል። አይሶፍሉሬን ግን የደም ሥሮችን አስፍቶ የደም ግፊትን ይጥላል፣ መጠኑ ሲጨምር ደግሞ ልብንም ያደክማል።

ለልብ አልትራሳውንድ አይሶፍሉሬኑን ከ3 እስከ 4 በመቶ ሰጥቶ ማስተኛት፣ እንደተኛች ወደ 1–1.5 በመቶ ማውረድ ነው። ምቱ በደቂቃ ከ400 በታች ከወረደ እባካችሁ አትለኩ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሙቀቷ ነው። የደረቷ ፀጉር ተላጭቶ ቀዝቃዛ ጄል የተቀባች አይጥ በደቂቃዎች ውስጥ ትቀዘቅዛለች፤ ምቷም አብሮ ይወርዳል፣ ያኔ ጤነኛው ልብ የታመመ ይመስላል። ጄሉን አስቀድማችሁ አሙቁት፤ በፊንጢጣዋ የሚገባው ቴርሞሜትር 37 ዲግሪ አካባቢ ይቆይ። አንዱ ቡድን በ350፣ ሌላው በ500 ምት ከተለካ፣ ልዩነቱ ከበሽታው ይሁን ከማደንዘዣው መለየት አይቻልም።