የበዓታን ዛፎች አትንኩብን

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ ስለ አዲስ አበባ ውበት ሲወራ፣ ከተወያዮቹ አንዱ የአፄ ምኒልክ መቃብር ስላለበት ገዳም፣ ስለ ታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም የተናገሩት እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። «ዛፎቹ ሕንፃውን ሸፈኑት። ተነሥተው ሣርና መብራት ቢተካ ከመንገድ ጀምሮ ይታያል፤ ታጅ ማሃልን ዓለም የሚያውቀው ስለሚታይ ነው» አሉ። አወያዩም «ልክ ነው» ብሎ አለፈ።

ልክ አይደለም! መቃብር ከመኪና መስኮት እንዲታይ ብሎ የሚሠራ ማን ነው? ንግሥት ዘውዲቱ ይህን ቤት ያሠሩት ለአባታቸው ለምኒልክ ማረፊያ ነው። ዛሬ ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ ራሳቸው ያረፉት ከወለሉ በታች ነው። ምንጣፉ ተገልጦ፣ መዝጊያው ተነሥቶ፣ ደረጃው ተወርዶ ነው እብነ በረዱ ዘንድ የሚደረሰው። ያሠሩት ሰዎች ዋናውን ነገር ከምድር በታች ሰውረውታል። ይህን ቦታ «አይታይም» ብሎ የሚከስ ሰው አንድ ቀን እንኳ ወደ ውስጥ አልወረደም ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች እኮ ዕረፍትን በቀላሉ አላገኙም። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ከሕዝብ ተደበቀ። አድዋ ላይ አገር ያቆመ ንጉሥ በወጉ ሳይለቀስለት፣ አስከሬኑ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ዓመታት ቆየ። እቴጌ ጣይቱ ደግሞ ከቤተ መንግሥት ርቀው፣ ስም ያወጡላትን ከተማ ከእንጦጦ ቁልቁል እያዩ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ከባላቸው ጎን የተኙት ኋላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴስ? በ1984 ዓ.ም. ዐጽማቸው ከተጣለበት ከወጣ በኋላ፣ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ቅድስት ሥላሴ እስኪቀበሩ ድረስ ያስጠጋቸው ይኸው በዓታ ነው። ስምንት ዓመት! አንዱ መንግሥት ጥሏቸው ሌላው ሲያመነታባቸው ያ ግቢ አልጨከነባቸውም። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ላይ ነው የመብራት ምሰሶ እንትከል የሚባለው።

ደግሞስ በእኛ አገር ደብርና ዛፍ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ? ጎጃምም ሆነ ጎንደር፣ ከተራቆተ እርሻ መካከል ጥቅጥቅ ያለ ደን ከሩቅ ከታየ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ። አገሩ ሁሉ ሲመነጠር ጥዱና ወይራው የተረፈው ገበሬው «የታቦቱ ነው» ብሎ መጥረቢያውን ስለመለሰ ነው። ማገዶ አጥቶ እንኳ ያልነካውን እኛ ለፎቶ ብለን ልንቆርጠው ነው?

ታጅ ማሃልን ያነሡት ሰው የሕንድን ነገር በቅጡ አላዩትም። ታጅ ማሃል ራሱ የአትክልት ቦታ ውስጥ ያለ መቃብር ነው። ዴልሂ ያለው፣ ከእሱ የሚቀድመው የንጉሥ ሁማዩን መቃብር ሊታደስ ሲነሣ መጀመሪያ እጅ የነካው ሕንፃውን አይደለም፤ አትክልቱን ነው። የደረቁት ቦዮች ውኃ እንዲወርድባቸው ተደረገ፣ ዛፍ ተተከለ፣ ይህም በ2003 እ.ኤ.አ. አለቀ። ወደ ሕንፃው የተዞረው ከዚያ በኋላ ነው። እነሱ የንጉሥ መቃብር ለማክበር ዛፍ ይተክላሉ፣ እኛ ለተመሳሳይ ነገር ዛፍ እንንቀል እንባላለን።

ለእንግዳ አቅጣጫ የሚያሳይ ጽሑፍ ይሰቀል ቢባል አልቃወምም። ከዚያ ያለፈ ነገር ግን ገዳሙን ሳይጠይቅ የሚያስብ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ይቁም። እኚያ ተወያይም አንድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ብቻቸውን ይግቡና ከዛፎቹ ሥር ይቀመጡ። የአራት ኪሎ የመኪና ጩኸት እዚያ ሲደርስ እንዴት እንደሚሰክን ይስሙት። ከዚያ ወጥተው ያንን ጥላ በምን ሊተኩት እንዳሰቡ ይንገሩን።