148ን ያያችሁ ሁሉ 97ንም እዩልኝ

ዛሬስ ሆድ ብሶኝ ነው የምጽፈው፤ አንብቡልኝ።

እናቴ ስኳር ስላለባት እኔም ራሴን ልከታተል ብዬ ክንድ ላይ ተለጥፎ የደም ስኳርን እየለካ ቁጥሩን ስልክ ላይ የሚያሳየውን ሴንሰር ገዛሁ። እዚህ አሜሪካ ከ2024 ጀምሮ ኢንሱሊን ለማይወስድ አዋቂ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይሸጣል። ስኳር የለብኝም። በባዶ ሆድ 88፣ 90 ነኝ፤ የ3 ወሩን የሚያሳየው ምርመራም 5.2 ነው የወጣው። ከለጠፍኩት ቀን ጀምሮ ግን ሰው ሰላም ነሳኝ።

እሁድ ዘመድ ቤት ምሳ ተጠራሁ። ሽሮ በእንጀራ በልተን፣ እጃችንን ታጥበን፣ አቦል ሲቀዳ ስልኬ 148 አለ። በቃ፣ ቤቱ ተናወጠ! "ስንቴ ነገርኩሽ፣ እንጀራ መርዝ ነው!" አንዷ ቲክቶክ ላይ ያየችውን፣ ሌላው የጂም አሠልጣኙ ያለውን ይዘረግፉብኝ ጀመር። የቀረበልኝን ፋንዲሻ ሳይቀር ከፊቴ አነሱት። ቶና ላይ 121 ሆነ። በረካ ጠጥተን ልሄድ ስነሳ 97። በ148 የጮኸ ሁሉ 97ን ዞር ብሎ አላየም።

መውጣትማ አለበት እኮ! ምግብ ሲፈጭ ስኳሩ ደም ውስጥ ይገባል፣ ቆሽት ኢንሱሊን ይለቃል፣ ጡንቻና ጉበት ይወስዱታል፣ ቁጥሩ ይመለሳል። በ2019 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ስኳር የሌለባቸው 153 ሰዎች እንዲህ ያለ ሴንሰር አድርገው ነበር፤ ከልጅ እስከ 80 ዓመት አዛውንት። አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 140 መካከል ናቸው፤ ሆኖም በቀን ወደ 30 ደቂቃ ያህል ከ140 በላይ መቆየት እነሱም ዘንድ የተለመደ ነው። ጤነኞቹ ናቸው እንግዲህ!

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውኃ እንኳ ሳልቀምስ ከ86 ወደ 103 ስወጣ ደግሞ "ሌሊት ተነስተሽ ምን በላሽ?" ይሉኛል። ምንም! ሰውነት ሊነቃ ሲል ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ይለቃል። አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 58 ብሎ አደረ፤ የሥራ ባልደረባዬ ከመተኛትሽ በፊት ጁስ ጠጪ አለችኝ። በዚያው ክንዴ ላይ ተኝቼ ነበር። ሴንሰሩ የሚያነበው ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ነው፤ ሲጫኑት ያለአግባብ ዝቅ ይላል።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ትናንት ግን እናቴ ከአዲስ አበባ እያለቀሰች ደወለች። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ እንዳያልቅባት ጣቷን በሳምንት ሁለቴ ብቻ የምትወጋ ሴት ናት፤ የራሷ 260 ሲሆን እንኳ እንዲህ ሆና አታውቅም። "ልጄ፣ አንቺንም ጀመረሽ አሉኝ" አለችኝ። ከዚያ የምሳ ገበታ ላይ ነው የተደወለላት።

የደወላችሁላት ሰዎች ራሳችሁን ታውቃላችሁ። እባካችሁ ዛሬውኑ መልሳችሁ ደውሉላት፤ 97 ንገሯት።