ዘር ከልጓም ይስባል፤ የማን ዘር ተቆጠረ?

ባለፈው ዓመት ለዓመታዊ ምርመራ እዚህ ሜሪላንድ ወደሚገኝ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ነርሷ ዕድሜዬን፣ የደም ግፊቴንና ኮሌስትሮሌን ኮምፒውተሩ ላይ ከሞላች በኋላ ዘሬን ጠየቀችኝ። ምርጫው ሦስት ነው፤ ነጭ፣ አፍሪካን አሜሪካን፣ ሌላ። «ኢትዮጵያዊ ነኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ታዲያ የትኛውን ልጫን?» አለች። እኔም አላውቅም ነበር።

ለወጉ ብቻ የሚሞላ ቅጽ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም። ኮምፒውተሩ በእነዚህ መልሶች የሚሠራው ስሌት በመጪዎቹ 10 ዓመታት ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ሊያገኘኝ የሚችልበትን ዕድል ከመቶ አስልቶ ይሰጣል። ሐኪሙም የኮሌስትሮል መድኃኒት ልጀምርለት ወይስ ልተወው የሚለውን በዚያ ቁጥር ይመዝናል። ስሌቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ አብሮ የታተመ ምሳሌ አለ። ዕድሜው 55 የሆነ፣ የማያጨስ፣ ስኳር የሌለበት፣ ግፊቱ 120፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 213 የሆነ ወንድ ነጭ ከሆነ ዕድሉ ከመቶ 5.3 ነው፤ ጥቁር አሜሪካዊ ከሆነ 6.1። በሴቶች 2.1 እና 3.0። አንድ ዓይነት ግፊት፣ አንድ ዓይነት ቅባት፣ ሁለት ቁጥር። «ሌላ» የሚለው የተጫነለት ሰው ደግሞ የሚሰላው በነጮቹ ቀመር ነው። እንግዲህ ለዚያ ኮምፒውተር እኔ ወይ ቅድመ አያቶቹ ከምዕራብ አፍሪካ በመርከብ የተጋዙ ሰው ነኝ፣ ወይ ነጭ ነኝ።

ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ1948 ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ 5,209 ነዋሪዎች በየሁለት ዓመቱ ሊመረመሩ ተስማሙ። ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ ከመታመሙ በፊት ምን ነበረበት እየተባለ ለአሥርተ ዓመታት ተመዘገበ። ዛሬ ግፊትና ሲጋራ ለልብ ጠንቅ ናቸው ስንል፣ ሳናውቀው የፍራሚንግሃምን ሰዎች ታሪክ እየተረክን ነው። የልጅ ልጆቻቸው ሳይቀሩ በጥናቱ ገብተዋል። የከተማዋ ሰው ግን በዚያ ዘመን ከሞላ ጎደል ነጭ ነበር። ከ5 ሺህ በላይ ጥቁር አሜሪካውያንን የያዘው የጃክሰን የልብ ጥናት ሚሲሲፒ ውስጥ ሰው መመዝገብ የጀመረው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2000 ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ ተጠቅሞ ሌላ ስሌት አወጣና የዘሩን ሳጥን ሰረዘው። በምትኩ፣ ከተፈለገ፣ ሰውየው የሚኖርበትን ሰፈር የኑሮ ደረጃ በዚፕ ኮዱ ይጠይቃል። ደግ አደረጉ። የቆዳ ቀለም የደም ሥር ምርመራ ሆኖ አያውቅም። ሆኖም ሳጥኑ ተሰረዘ ማለት እኛ ተቆጠርን ማለት አይደለም። አሁንም ስለ ኢትዮጵያዊ ልብ የሚታወቀው ኢምንት ነው፤ ይህ ጉድለት ደግሞ ወደ ዘረ መል ሲኬድ ይብሳል።

ዘር ከልጓም ይስባል ይላል ያገራችን ሰው። ሳይንሱ አሁን ሳቢውን ገመድ ክር በክር ሊቆጥር ተነሥቷል። ለየብቻ ሲታዩ እዚህ ግቡ የማይባሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የዘረ መል ልዩነቶችን ደምሮ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የልብ አደጋ ውጤት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ሥራ በዚህ ዘዴ ከመቶ 8 ያህል ሰዎች ከሌላው ሦስት እጥፍ የሚበልጥ አደጋ እንዳለባቸው አሳየ። እነዚህ ሰዎች የተገኙት በብሪታንያው ባዮባንክ፣ ማለትም በትልቁ የጤና መረጃና የደም ናሙና ማከማቻ ውስጥ ነው፤ እዚያ ከተመዘገበው ግማሽ ሚሊዮን ሰው ከመቶ 94 ያህሉ ነጭ ነው። በመላው ዓለም እንዲህ ባሉ የዘረ መል ጥናቶች ከተሳተፉት ውስጥ ከመቶ 79 ያህሉ አውሮፓዊ የዘር ሐረግ ያላቸው እንደ ነበሩ በ2019 ተሰልቷል። ያው ውጤት አፍሪካዊ ዝርያ ላለው ሰው ሲሰጥ ትንበያው ክፉኛ ይደክማል። በሰው ልብስ እንደ መለካት ነው።

ጉዳቱም በወረቀት የሚቀር አይደለም። የልብ ጡንቻ ከልክ በላይ የሚወፍርበት በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለ፤ ወጣት ስፖርተኞችን ሜዳ ላይ በድንገት የሚጥለው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ እንደሆነው፣ ለጥቁር አሜሪካውያን «ሕመሙን የሚያመጣው ልዩነት አለባችሁ» ተብለው ከተሰጡ ውጤቶች ጥቂቶቹ ስህተት ነበሩ። ልዩነቶቹ በጥቁሮች ዘንድ የተለመዱና ጉዳት የሌላቸው ሆነው ተገኙ። ቀድሞ ሲጠና ለማነጻጸሪያ የተወሰዱት ጤነኞች መካከል ጥቂት እንኳ ጥቁሮች ቢኖሩ ስህተቱ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር።

ተቃራኒውን ታሪክ ግን የበለጠ እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ኮሌስትሮላቸው በዘር ከፍ ባለባቸው ቤተሰቦች ውስጥ ፒሲኤስኬ9 የሚባል ዘረ መል ከልክ በላይ እንደሚሠራ አገኙ። ቴክሳስ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ሔለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን ነገሩን ገለበጡት፤ ይህ ዘረ መል ሲበረታ ኮሌስትሮል ከወጣ፣ የተበላሸበት ሰውስ? የዳላስ የልብ ጥናት ሲዋቀር ግማሽ ያህሉ ተሳታፊ ጥቁር እንዲሆን ታስቦ ነበርና መልሱ እዚያው ተቀምጦ ጠበቃቸው። ከጥቁሮቹ መካከል ከመቶ 2 ያህሉ የማይሠራ ቅጂ ነበራቸው። በሌላ ትልቅ ጥናት 15 ዓመት የተከታተሏቸው እንዲህ ያሉ ሰዎች መጥፎው ኮሌስትሮል ከመቶ 28 ዝቅ ያለ፣ የልብ ደም ሥር ሕመማቸው ደግሞ ከመቶ 88 ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጤነኛ ሆነው ዕድሜያቸውን የገፉ፣ ማንም ልብ ብሎ ያላያቸው ሰዎች ነበሩ። በእነሱ ፍንጭ የተሠሩት የኮሌስትሮል መርፌዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ገበያ ገቡ። ዋጋቸው ሲወጡ በዓመት ከ14 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ ፍንጩን የሰጠው ሰፈር ስንቱ ያን ከፍሎ ይወጋል?

ታዲያ ጥቁር አሜሪካውያን ከተቆጠሩ እኛም ተቆጠርን የሚል አለ። አይሆንም። ኤፒኦኤል1 የተባለ ዘረ መል ውስጥ ያሉ ሁለት ልዩነቶች በምዕራብ አፍሪካና በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የኩላሊት ድካምን ያባብሳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጵያውያን ሲመረመሩ ግን አልተገኙባቸውም። በተቃራኒው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩ ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29ኙ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን ዘረ መል ከተለመደው በላይ በርከት አድርገው የያዙ ሆነው ተገኙ። ይህ ዘረ መል ኮዴይንን በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ነው፤ ለበዛለት ሰው ኮዴይን ያለበት ተራ የሳል ሽሮፕ ከባድ መድኃኒት ይሆንበታል። አገራችን ኮዴይንን ያገደችው በዚህ ምክንያት ነው። ለልብና ለግፊት የሚታዘዘው ሜቶፕሮሎልም በዚሁ መንገድ ነው የሚያልፈው፤ ቶሎ ለሚያቃጥለው ሰውነት በደም ውስጥ የሚቆየው ያነሰ ነው። «ጥቁር» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከቶ ያስረዋል።

አሁን ከራሴ ጋር ልከራከር። ዘረ መል ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ለዚህ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን የበለጠ ምስክር የለም። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሆነው ሲገቡ፣ ስኳርና ግፊት በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የስኳር ሕመም አሻቀበ፤ ያውም ውፍረት በሌላቸው ሰዎች ላይ ጭምር። አውሮፕላን ላይ የተለወጠ ዘረ መል የለም። የተለወጠው እንጀራው፣ ለስላሳ መጠጡ፣ የእግር መንገዱ፣ የፈረቃ ሥራውና ጭንቀቱ ነው። ቢሆንም ቀጭኑን ሰው ስኳር ለምን ቶሎ ያዘው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ዘሩንና ኑሮውን አብሮ ከሚያይ መዝገብ ብቻ ነው።

አገር ቤት ደግሞ ሌላ ቅደም ተከተል አለ። ወጣቶቻችንን የሚቀጥፈው የልብ በሮች (ቫልቮች) ሕመም መነሻው በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው፤ መፍትሔው ፔኒሲሊን እንጂ የዘረ መል ማንበቢያ ማሽን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ በተደረገው ዳሰሳ ከአዋቂዎች ከመቶ 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር፤ አብዛኞቹም ሕክምና ላይ አልነበሩም። የግፊት መለኪያው በየጤና ጣቢያው ሳይዳረስ ስለ ሚሊዮን ልዩነቶች ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ሁለቱም የሚቆሙት በአንድ ነገር ላይ ነውና፤ ሰውን ለረዥም ጊዜ መከታተል።

እዚህ ላይ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ቡታጅራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ መወለድ፣ መሞትና መፍለስ ቤት ለቤት ሲመዘገብ ኖሯል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች በየመካነ መቃብሩ ቀብር ማስመዝገብ ጀመሩ። መነሻቸው ኤድስ ስንቱን ገደለ የሚል ነበር። ሐኪም የጻፈው የሞት ምክንያት የማይገኝበት ከተማ ስለሆነ፣ ሐዘኑ በረድ ሲል ወደ ቤተሰቡ እየሄዱ ሟቹ እንዴት እንደ ታመመ ይጠይቁ ነበር። ከዚያ የወጣው ውጤት ብዙዎችን ሳያስደነግጥ አልቀረም፤ ከአዋቂዎች ሞት ግማሽ ያህሉ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ነበር፤ ልብና የደም ሥርም ከፊት ተሰልፈው ነበር። ይህን ያህል ነገር ከመቃብር በር ከተገኘ፣ ቡታጅራ ላይ ግፊትና ደም እየተለካ 40 ዓመት ቢቆይ ኖሮ ዛሬ የራሳችን ፍራሚንግሃም በኖረን ነበር እያልኩ እቆጫለሁ።

የቤታችን መዝገብም አለ። ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች ነን፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አይጠፋብንም። በምን እንደሞተ ግን አንነጋገርም። ነርሷ ስለ ቤተሰቤ የልብ ሕመም ስትጠይቀኝ «የለም» ብያት ነበር። ማታ እናቴን ስጠይቃት «አባባማ ምን ሕመም ነበረባቸው!» አለችኝ። ቀጠል አድርጋ፣ «ብቻ የጦሳን ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸው ነበር፤ ትንሽ ሲቆሙ ይለቃቸዋል። ኋላ ምች መታቸውና በዚያው አረፉ።» የሕክምና ተማሪ በፈተና ቢጽፈው ከዚህ የተሻለ የልብ ደም ሥር ጥበት መግለጫ አያወጣም።

ቁጠሩን ስንል ደግሞ ማን ይቁጠረን የሚለው አብሮ ይመጣል። ጤፍን ታስታውሳላችሁ፤ ዘሩ በስምምነት ወደ ኔዘርላንድ ሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የአንድ ኩባንያ የፈጠራ መብት ሆኖ አውሮፓ ውስጥ ተመዘገበ፤ የሄግ ፍርድ ቤት «ይህ ፈጠራ አይደለም» ብሎ ኔዘርላንድ ውስጥ እስኪሽረው ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ። የደም ናሙና ከጤፍ ይብሳል፤ የልጅንና የእኅትን ምሥጢር ይዞ ነው የሚሄደው። 15 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች ምራቃቸውን የላኩለት ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የተባለው የዘረ መል ምርመራ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ኪሳራ ሲያውጅ፣ የሰዎቹ ዘረ መል እንደ ቢሮ ወንበር ከሚሸጥ ንብረት ተቆጠረ። አገራችን አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ሕጉ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ናሙናው ከአገር ሲወጣ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከማቀዝቀዣው ቁልፍ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ጽሑፍ ድረስ ድርሻ ይኑረው ብሎ የሚከራከር ሰው መኖሩ ሌላ። እኔ ደም መስጠትን የምደግፈው በዚህ ልክ ነው፤ ጥቅሙም፣ ለምሳሌ የመድኃኒቱ ዋጋ፣ በስምምነቱ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።

አሜሪካ ለምንኖር ደጁ ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አንድ ሚሊዮን ሰው ለመመዝገብ የተነሣው ኦል ኦፍ አስ የተባለው የመንግሥት ጥናት ከዚህ ቀደም የተረሱትን በብዛት ይዟል፤ በመጠይቁም ላይ የትውልድ አገርን ለይቶ ማመልከት ይቻላል። ቋንቋው ግን እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ብቻ ነው። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ያለን ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ተሰብስበን አንድ ትርጉም መጠየቅ አያቅተንም።

እኔ ባለፈው ወር የአንድ ጥናት ፈቃድ ቅጽ ለእናቴ ቡና እየጠጣን አንቀጽ በአንቀጽ እየተረጎምኩ አነበብኩላት፤ ሦስት ምሽት ፈጀብን። መረጃው ለኩባንያዎችም ሊሰጥ ይችላል የሚለው ገጽ ላይ ስንደርስ ስኒዋን አስቀመጠች። «ቆይ፣ ኩባንያው የማን ነው?» አለችኝ። እኔ ፈርሜያለሁ። እሷ አልፈረመችም፤ ያ ገጽ በአማርኛ ተጽፎ ሲመጣ ራሴ አነበዋለሁ ብላለች።