ደረቱ ላይ ኬክ ያለው ሰውዬ

ቦሌ መንገድ ላይ በካፌ መስታወት ፊት ሲያልፍ ከረባቱን የማያቃና ሰው ቢገኝ፣ ከረባት ያላሰረው ብቻ ነው። ይህን መንገደኛ ከነመስታወቱ ልሳል የሚል ጀማሪ ሰዓሊ መጀመሪያ ሰውየውን አሳምሮ ይጨርሳል፤ ከዚያ «መስታወት ይምሰል» ብሎ ቀጠን ያለ ነጭ ቀለም ይለብጥበታል። የሚያገኘው ጭስ የገባበት ካፌ ነው።

ንጹህ መስታወት ፊት ለፊት ሲታይ የሚመልሰው ብርሃን ከመቶ 8 ገደማ ነው። አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ስለዚህ ነጸብራቁ የሚጎላው ውጭው ደምቆ ውስጡ ሲጨልም ነው፤ ውስጥ መብራት ሲበራ ይደበዝዛል። (ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ማኪያቶ በያዙ ሰዎች ፊት ጢሙን የሚያበጥረው ወንድማችን ይህን አልሰማም።)

ጣፋጩ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጥቁር ሱፍ ለመስታወቱ የሚልከው ብርሃን ስለሌለው፣ ያረፈበት ቦታ ቀዳዳ ይሆናል፤ በቀዳዳው የካፌው ሆድ ዕቃ ይታያል። ክቡርነታቸው ደረታቸው ላይ ሦስት ክሬም ኬክ፣ ቦርጫቸው ላይ የአስተናጋጅ ትሪ ይዘው ይጎማለላሉ። ከጎናቸው የሚያልፉት ነጠላ የለበሱ እናት ግን ነጭ ናቸውና ኬኩን ሸፍነውት ያልፋሉ። እንግዲህ መጀመሪያ ኬኩንና ወንበሩን ጠቆር አድርጎ መጨረስ፣ ሲደርቅ ሰማዩንና ነጠላውን በስሱ መደረብ፣ ሱፉን አለመንካት። ሱፉ የሚሳለው ባለመሳል ነው! በጥቁር ቀለም የሞላው ሰዓሊ ያተረፈው በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው።

አሜሪካዊው ሪቻርድ ኤስተስ የኒውዮርክን መስታወቶች የሚስለው ብዙ ፎቶ አንስቶ እያጣመረ ነው፤ በሥዕሎቹም ውስጡም ነጸብራቁም እኩል ጠርተው ይታያሉ። እኛ ጋ ሁለተኛው ፎቶ ላይ ጥበቃው «ወንድም፣ ክልክል ነው» ይላል። መስታወቱ ላይ ብጉር ማፍረጥ ግን አልተከለከለም።

የሐምሌ ኩሬ ደግሞ የባሰ ነው። ብዙ ሰው ከላይ ያየውን ገልብጦ ይቀዳል። ውሃ ግን የሚያሳየን ከመሬት በታች ሆኖ ሽቅብ የሚያይ ዓይን የሚያየውን ነው፤ የጃንጥላው ሽቦ ከውስጥ በኩል ይወጣል፣ ቦርጭ ከረባትን ይጋርዳል፣ ከግንባር ይልቅ አገጭ ይገንናል። ነጩ ትንሽ ይጠቁር፣ ጥቁሩ ትንሽ ይንጣ። ሚኒባስ ሲመጣ ግን ሸራውን ታቅፎ መሸሽ ነው፤ ያኔ ኩሬው ራሱ ሱሪ ላይ ይስላል።