ማርሚታ ቀየራችሁ ተብሎ ዋራንቲ አይሰረዝም

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ «መኪናችሁ ላይ አምራቹ ያልሠራውን ዕቃ ካስገጠማችሁ ዋራንቲው (የአምራቹ ዋስትና) አበቃ» ይላል። እዚህ አሜሪካ ላለን ይህ ስህተት ነው፤ ሰውን ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማግነሰን ሞስ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ዋራንቲ የሚከለከለው ያስገጠማችሁት ዕቃ ብልሽቱን እንዳመጣ ከታየ ነው። በ2022 ኤፍቲሲ የተባለው የመንግሥት ተቋም ሞተር ሳይክል አምራቹን ሃርሊ ዴቪድሰንን «የእኛን ዕቃ ካልተጠቀማችሁ ዋራንቲ የላችሁም» የሚለውን ቃል ከዋራንቲው እንዲያወጣ አድርጎታል።

እኔም ደርሶብኛል። ማርሚታ አስቀይሬ ነበር፤ ከወራት በኋላ የኤሲው ኮምፕሬሰር ቆመ። የዲለሩ (የመኪና ሻጩ ድርጅት) ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና «መኪናው ተነካክቷል፣ ዋራንቲ የለውም» አለኝ። ማርሚታና ኤሲን ምን አገናኛቸው? አልተጨቃጨቅኩም። «ማርሚታው ኮምፕሬሰሩን እንዴት እንዳበላሸው በጽሑፍ ስጠኝ» አልኩት። እስክሪብቶ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ ማናጀሩን ጠራ። እሱም ሊጽፍልኝ አልፈለገም። አምራቹ ጋ ደውዬ ኬዝ አስከፈትኩ፤ በነጻ ተሠራልኝ።

ሁሉም ይሸፈናል ማለቴ አይደለም። የሞተሩን ኮምፒውተር አስነክቶ ጉልበት ያስጨመረ ሰው ሞተሩ ቢነክስበት ዲለሩ በቂ መከራከሪያ አለው። ዘይት ከዲለሩ ውጭ ሌላ ጋራዥ ማስቀየር ግን ምንም ችግር የለውም፤ ደረሰኙን ብቻ ያዙ።

ጠበቃ ማናገርም አትፍሩ። ካሸነፋችሁ ፍርድ ቤቱ የጠበቃውን ወጪ ተከሳሹን ሊያስከፍለው ይችላል።